ሩት የተደረገ ስልክና የማይሰፋ መጋዘን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጅማ ውስጥ ለ26 ዓመታት ቡና ሳስገባና ሳስወጣ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ክረምት 16 ጊጋባይት የሚይዘው ስልኬ «በቂ ቦታ የለም» እያለ አላሠራ ሲለኝ መርካቶ ወዳለ አንድ ሞባይል ጠጋኝ ወሰድሁት። ልጁ ጨዋ ነው። «ጋሼ፣ ሩት ላድርግልዎትና ከፋብሪካ ተጭነው የመጡትን መተግበሪያዎች ላጥፋቸው፤ ቦታው ይሰፋል» አለኝ። ሩት ማድረግ ማለት ፋብሪካው የቆለፈውን የስልኩን ሙሉ ሥልጣን መክፈት ነው። 400 ብር ከፈልሁ።

ቦታው አልሰፋም። ለምን እንደሆነ ያስረዳችኝ ኮምፒውተር የምታጠናው የእህቴ ልጅ ናት። ከፋብሪካ የመጡት መተግበሪያዎች የሚቀመጡበት የስልኩ ክፍል ሌላ ነው፤ እኛ የምንጭናቸው፣ ፎቶውና ቪዲዮው የሚከማቹበት ሌላ። በመጀመሪያው ክፍል የተለቀቀ ቦታ እዚያው ይቀራል እንጂ ወደ ሁለተኛው አይሻገርም። ይህን እንኳ ሳይነግሩኝ ማወቅ ነበረብኝ! የጀንፈሉ መጋዘን ባዶ ስለሆነ የታጠበው ቡና መጋዘን አንዲት ፈረሱላ እንኳ አይጨምርም።

ተመልሼ ስሄድ ልጁ የአንዳንድ መተግበሪያዎችን ፋይል በሩት ሥልጣን እየጎተተ ወደ ሚሞሪ ካርድ አዛወራቸው። ከዚያ በኋላ ገና ሲከፈቱ ይዘጉ ጀመር። አንድሮይድ ለእያንዳንዱ መተግበሪያ የራሱን መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ፋይሉም የዚያ ቁጥር ንብረት ሆኖ ይመዘገባል። ተራው ሚሞሪ ካርድ ግን የባለቤትነት መዝገብ የለውም። የባለቤቱ ምልክት የተቀደደበት ጆንያ ማለት ነው፤ ቡናው አለ፣ የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። መተግበሪያዎቹን አጥፍቶ እንደገና ከመጫን በቀር መላ አልተገኘም።

ጡረታዬን የማይበት የባንክ መተግበሪያም ሩት በተደረገ ስልክ አልሠራም አለ። ባንኩን አልወቅስም። የመጋዘኑ ዋና ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ካላወቅሁ እኔም ዕቃ አላስረክብም ነበር።

ለካስ ቦታውን የበላው ቴሌግራም ኖሯል። የእድሩ፣ የሠፈሩና የዘመድ አዝማዱ ቡድን የላከው የሠርግ ቪዲዮ ሁሉ ስልኬ ላይ ተከምሮ ነበር። የእህቴ ልጅ ከቴሌግራሙ ቅንብር ገብታ የማከማቻ አጠቃቀም የሚለውን ከፈተችና ጊዜያዊ ፋይሎቹን አጸዳች፤ 5 ጊጋባይት ተለቀቀ። ቪዲዮዎቹ ከስልኬ ቢጠፉም በቴሌግራም ኩባንያ ኮምፒውተሮች ላይ ስላሉ ያስፈለገኝን መልሼ አወርዳለሁ፤ የቆዩት ደግሞ በየሳምንቱ በራሳቸው እንዲጠፉ አድርጋዋለች። ለዚህ ሁሉ ሩት አላስፈለገም፣ 400 ብሩም እንዲሁ።

ልጁን አልተጣላሁትም፤ ያስተማሩትን ነው የሠራው። ጠጋኞቻችን ግን ስልክ ሩት ከማድረጋቸው በፊት ደንበኛው ምን እንደሚያጣ ቢነግሩት፣ ባይሆን በአንዲት ወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ቢለጥፉት እላለሁ። ከዋጋ ዝርዝሩ አጠገብ ባዶ ቦታ አለ፤ አይቻለሁ።

ጡረተኛው የመጋዘን ሠራተኛ
ከጅማ