ጊጋኸርዙን ብቻ አትንገሩን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ስለ አዳዲስ ፕሮሰሰሮች (የኮምፒውተር ዋና ማስሊያ ቺፖች) የጻፋችሁትን አነበብኩ። እንዲህ ያለ ጉዳይ በአማርኛ መጻፉ ራሱ ደስ ይላል። ግን ከላይ እስከ ታች ጊጋኸርዝ፣ ማለትም ቺፑ በሰከንድ ስንት ቢሊዮን ምት እንደሚመታ ብቻ ነው። ስንት እንደተመረተ፣ ሰው መቼ ገዝቶ እንደሚጠቀምበት አንድ መስመር የለም።

ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ተማሪ የዋጋ ወረቀት ይዞ መጣ፣ አራት ቦታ የታጠፈ። ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች ተጽፈውበታል፤ አንዱ 3ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ኮር አይፋይቭ የተባለ የኢንቴል ቺፕ ያለው፣ 2.9 ጊጋኸርዝ፣ ሌላው 11ኛ ጄኔሬሽን 2.4። 2.9ን በቀይ እስክሪብቶ ከቦታል። «ይሄኛው ይፈጥናል አይደል?» አለኝ። አይፈጥንም! 11ኛው አራት ኮር (ጎን ለጎን የሚሠራ የማስሊያ ክፍል) አለው፣ ያኛው ሁለት። ሥራ ሲበዛበት ደግሞ እስከ 4.2 ይወጣል፣ በአንድ ምት የሚሠራውም ይበልጣል። ልጁ ግን ማን ነግሮት ይወቅ?

ይሄ የቁጥር ፉክክር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2000 የኢንቴል ተፎካካሪ ኤኤምዲ አትሎን የተባለ 1 ጊጋኸርዝ ቺፑን ይዞ ቀደመ። ኢንቴል ከሁለት ቀን በኋላ የራሱን 1 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 3 አወጀ፣ ብዛቱ ግን ውስን ነበር። በዚያው ክረምት 1.13 ጊጋኸርዝ አወጣና ቺፑ አስተማማኝ ሆኖ ስላልተገኘ ወር ሳይሞላው ከገበያ ሰበሰበው። ቀጥሎ ፔንቲየም 4 መጣ፤ ሥራውን በ20 ደረጃ ከፋፍሎ በ1.5 ጊጋኸርዝ ይሮጥ ነበር። ብሎኬት የሚቀባበሉ ሰዎችን አስቡ። ሰልፉ ሲረዝም አንዱ ለሌላው ቶሎ ቶሎ ያቀብላል፣ ግን የተሳሳተ ብሎኬት ከገባ መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ተጥሎ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። በኋላ ሙቀቱም አላስኬደውም፣ 4 ጊጋኸርዝ ይደርሳል የተባለው ፔንቲየም 4 በ2004 ተሰረዘ። በ2006 የመጣው ኮር 2 ዱዎ በ2.4 ጊጋኸርዝ እየሮጠ በ3.8 ከሚሮጠው ፔንቲየም 4 በለጠ።

እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ የብዛቱ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ኢንቴል 8086 የተባለውን የድሮ ቺፑን 40ኛ ዓመት ሲያከብር 5 ጊጋኸርዝ የሚደርስ ቺፕ አወጣ፣ ዜናው ሁሉ እሱ ሆነ። በመስከረም ግን የያኔው ተጠባባቂ ሥራ አስኪያጅ ቦብ ስዋን በግልጽ ደብዳቤ አቅርቦቱ ጠባብ መሆኑን አመኑ፤ በተለይ በርካሹ የኮምፒውተር ገበያ። ቅድሚያ የተሰጠው ለሰርቨሩ (ለድርጅቶች ትልልቅ ኮምፒውተር) እና ለውዶቹ ቺፖች ነበር። ማምረቻውን ለማስፋት 1 ቢሊዮን ዶላር ተጨማሪ መደቡ። እንግዲህ እጥረት ሲመጣ ዱላው መጀመሪያ የሚያርፈው ርካሽ ላፕቶፕ ፈላጊው ላይ ነው። እኔ ዘንድ የሚመጣውም እሱ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ጊጋኸርዙን ከኮሩና ከጄኔሬሽኑ ጋር አድርጋችሁ ጻፉልን። ከጎኑም ቺፑ ገበያ ላይ በብዛት አለ ወይስ ገና ማስታወቂያ ላይ ነው የሚለውን ጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ከአዲስ አበባ