ካርቡራተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ፑንቲናውን እዩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ አንድ አንባቢ በዚሁ ዓምድ ስለ አሮጌ ቮልስዋገኖች የጻፉትን አነበብኩ። ዳገት ላይ ትታፈናለች፣ ክረምት ሲገባ አልነሳም ትላለች፣ መሀል መንገድ ቆማ ትራፊክ ትዘጋለች፣ ስለዚህ ዘመኗ አልፏል ይላሉ። የቸገራቸውን መጻፋቸው ተገቢ ነው፤ በፍርዱ ግን አልስማማም። ዕድሜዬን ተክለሃይማኖት አካባቢ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የገፋሁ ሰው ነኝ። የዘረዘሯቸው ሕመሞች በሙሉ እጄ ላይ አልፈዋል፤ አብዛኞቹም የመጡት ከእሳቱ፣ ማለትም ቤንዚኑን ከሚያቀጣጥለው የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ በኩል ነው። እሳት ደግሞ መለኪያ ይዞ ለቀረበው ሰው የሚስተካከል ነገር ነው።

የሚያንገበግበኝ፣ ቮልስ ባስነጠሰች ቁጥር መጀመሪያ የሚፈታው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር መሆኑ ነው። አንዲት መምህርት ደንበኛዬ መኪናቸውን አስጎትተው ያመጡት ሌላ ቦታ ካርቡራተሩ ታጥቦ፣ የቤንዚን ፓምፑ ተቀይሮ፣ የሁለቱንም ሒሳብ ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ነበር። ጠዋት ቁልፍ ሲያዞሩ ወዲያው ትነሳለች። ሞተሩ ሲሞቅ ትንተፋተፍና ቀጥ ትላለች፤ ስትቀዘቅዝ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። የዲስትሪቢውተሩን (የእሳት አከፋፋዩን) ክዳን የያዙትን ሁለት ሞላዎች በካቻቢቴ ፈልቅቄ ፑንቲናውን፣ ማለትም ኮረንቲውን የሚያገናኙትንና የሚያቋርጡትን ሁለት የብረት ጥርሶች፣ ከፍቼ ሳየው፣ የአንዱ ጥርስ ፊት ተቦርቡሮ የሌላው ፊት ላይ ጉብታ ወጥቷል፤ ዙሪያውም ጠቁሯል። ከአንዱ ጥርስ የተነሳው ብረት ሌላው ላይ ተለጥፎ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፑንቲና ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኮንደንሰሩን ነው። አውጥቼ «እትዬ፣ ያስቸገረችዎ ይቺ ናት» ብዬ ሳሳያቸው «ይህን ሁሉ ያስከፈለችኝ ይቺ ናት?» አሉኝ። ፑንቲናና ኮንደንሰር ተቀየሩላት፣ መኪናዋም ዳነች።

አሠራሩን ያወቀ ባለመኪና ማንም አያሞኘውምና ባጭሩ ልንገራችሁ። የፑንቲናው ጥርሶች ገጥመው ሳለ የባትሪው ኮረንቲ በቦቢናው ውስጥ ጥቂት ዙር በተጠቀለለው ወፍራም የመጀመሪያ ሽቦ ውስጥ ያልፋል። ፑንቲናው በተከፈተባት ቅጽበት ኮረንቲው ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ ቦቢናው 12ቱን ቮልት ወደ ብዙ ሺህ ቮልት አንሥቶ ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ በሚሽከረከረው ሮተርና በክዳኑ በኩል ተራው ለደረሰው ካንዴላ ይልካል። ኮንደንሰሩ ፑንቲናው ሲከፈት ኮረንቲው ጥርሶቹ መሀል እንዳይዘል ይቀበለዋል። ኮንደንሰሩ ከደከመ ብልጭታው ካንዴላው ላይ መሆኑ ቀርቶ ፑንቲናው ላይ ይሆናል፤ ሙቀት ደግሞ ድካሙን ያብሰዋል። ትኩስ ሲሆን የሚጠፋ ሞተር ባያችሁ ጊዜ ኮንደንሰሩንና ቦቢናውን አስቀድማችሁ ጠርጥሩ። ቦቢናውም ቢሆን ሲግል የሚከዳ አለ፤ ብልጭታው ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቀጭን ቢጫ ይሆናል።

የፑንቲናው ጥርሶች ሲከፈቱ የሚኖረው ክፍተት ለቮልስ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን አይሆንም፤ ውፍረቱ የተጻፈበትን ስስ የብረት መለኪያ መሀል አስገብታችሁ ለቀቅ ያዝ ሲያደርጋችሁ ነው ልኩ። ፑንቲናውን የሚገፋው የፋይበር እግር እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፣ ሲጠብ እሳቱ ይዘገያል። ዳገት ላይ ታፈነች የተባለችው መኪና ብዙ ጊዜ እሳቷ የዘገየባት ናት። ለዚህ ነው እግሩ በሚያርፍበት ዘንግ ላይ የስንዴ ቅንጣት ያህል ግራሶ የሚቀባው። ከዚያ ካለፈ ተረጭቶ ፑንቲናውን ያበላሻል።

ታይሚንግ፣ ማለትም እሳቱ የሚመጣበት ቅጽበት፣ የሚስተካከለው ሁልጊዜ ከክፍተቱ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ክፍተቱ በተነካ ቁጥር ታይሚንጉም አብሮ ይነቃነቃል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ሽቦ የተበየደለት የ12 ቮልት አምፖል ይበቃል። አንዱን ጫፍ ቦቢናው ላይ 1 ቁጥር ከተጻፈበት፣ ማለትም ወደ ዲስትሪቢውተር ከሚሄደው፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ጋር ታገናኛላችሁ። ቁልፉን ከፍታችሁ ፑሊውን (ቺንጋው የሚዞርበትን የሞተሩን መዘውር) በእጅ ወደ ቀኝ ስታዞሩ፣ የፑሊው ምልክት ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር ሲገጥም አምፖሉ መብራት አለበት። ሮተሩም በዲስትሪቢውተሩ ከንፈር ላይ ወደ ተቆረጠችው ምልክት ማየት አለበት፤ 1ኛ ሲሊንደር እዚያ ነው። የካንዴላ ገመዶቹ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። ክዳን ሲቀየር ሁለት ገመድ ተዛውሮባቸው በማርሜታ እየተኮሱ የሚመጡ መኪኖች ጥቂት አይደሉም።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የራሳችን ጉዳይ አለን። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ካርቡራተሩ ለቆላ ተብሎ ከተለካ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ደካማ እሳት ደግሞ ጥላሸቱን ማለፍ ያቅተዋል። ይህን ለማካካስ አንዳንድ መካኒክ እሳቱን በጣም ያስቀድመዋል። እንጦጦ ስትወጡ ደስ ይላችኋል። ያንኑ መኪና ወደ አዋሽ ይዛችሁ ስትወርዱ ግን አየሩ ወፍሮ ሞተሩ መንኳኳት ይጀምራል። ቮልስ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው፣ የሙቀት መለኪያም የላትም፤ እየተንኳኳች ረጅም መንገድ የተነዳች ሞተር ፒስተኗን ታበላሻለች። ቆላ የምትወርዱ ሁሉ ታይሚንጉን ወደ ፋብሪካው ልክ ሳትመልሱ አትውረዱ።

ክረምት አልነሳም ስለማለቷ፦ ክዳኑ ውስጥ እርጥበት ይገባልና ጠዋት ክዳኑን አውጥታችሁ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው የሚሄድ የፀጉር ያህል ጥቁር መስመር ካያችሁ ክዳኑ ተሰንጥቋል፤ ቢጠረግም አይድንም፣ ይቀየር። የቆዩ ገመዶችን በጨለማ አስነሥታችሁ እዩአቸው፤ የሚያፈስ ገመድ ራሱን በብልጭታ ያሳያችኋል።

አሁን ወደ ማሻሻሉ ልምጣ፣ ወጣቶቹ የሚጠይቁኝ ይህንን ነውና። ፑንቲና የሚያስቀረውን የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አልቃወምም፤ እንዲያውም ዘንጉ ለተወላገደ ዲስትሪቢውተር ከፑንቲና የተሻለ ነው፣ የሚበላ እግርም የለውም። ነገር ግን 6 ቮልት ለሆኑት ለጥንቶቹ ቮልሶች የ12 ቮልቱ አይሆንም። ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ቦቢናው ላይ ከተገላበጡ መሣሪያው ይቃጠላል። ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ከፍቶ ሬዲዮ ማዳመጥም ብዙዎቹን ያቃጥላቸዋል። የቦቢናው ሬዚስታንስ በኦም ሳይለካ የተገጠመ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው፤ ለአራት ሲሊንደር የተሠሩት አብዛኞቹ 3 ኦም ያህል ይፈልጋሉ።

አጥብቄ የምቃወመው ሌላ ነገር ነው። የቫኩም ሳህን (በሞተሩ የመሳብ ኃይል እሳቱን የሚያስቀድም ክፍል) ያለውን የፋብሪካ ዲስትሪቢውተር ጥሎ ቫኩም የሌለውን 009 የሚባለውን የቦሽ ዲስትሪቢውተር መግጠም እንደ ማሻሻል ተቆጥሯል። 009 እሳቱን የሚያስቀድመው በፍጥነት ብቻ ነው። በዝግታ እየሄዳችሁ ቤንዚን ስትረግጡ እሳቱ ወዲያው ስለማይቀድም ሞተሩ ለአፍታ ይሰንፋል። መብራት ላይ ቆሞ ለመነሣት ይህ ድካም ነው። የቫኩሙ ጎማ ተቀዶ ከሆነ የቫኩም ሳህኑን ቀይሩ፤ በአፍ ስባችሁ ከያዘ ጤነኛ ነው። ለብዙ ቮልሶች ከሁሉ የተሻለው ማሻሻያ የፋብሪካውን ዲስትሪቢውተር አጽድቶ ማስተካከል ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ጉዳዩ የትዝታ ብቻ ስላልሆነ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። የመጨረሻዋ ጥንታዊ ቮልስ ከሜክሲኮው ፋብሪካ የወጣችው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ነው። ያሉን ቮልሶች ያሉን ናቸው፤ በእነሱ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱ፣ ጡረታቸውን የሚያብቃቁ ሰዎች አሉ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ኮምፒውተር የሚያነብ ልጅ ማውጣታቸው መልካም ነው፤ ፑንቲናና ታይሚንግ በአምፖል ማስተካከልን ግን ከሥልጠናው አያውጡት፤ የሚያስፈልገው አንድ አሮጌ ሞተርና አንድ አምፖል ነው።

በዕቃ ንግድ ላይ ላሉ ወንድሞቼም አንድ ልመና አለኝ። የኤሌክትሮኒኩን መሣሪያ ስትሸጡ ለስንት ቮልት እንደሆነና ስንት ኦም ቦቢና እንደሚፈልግ በአማርኛ ጽፋችሁ ከካርቶኑ ጋር ስጡ፤ ገዢውም ያወጣውን ፑንቲናና ኮንደንሰር መኪናው ውስጥ አስቀምጦ እንዲይዝ ንገሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ከተክለሃይማኖት