7 አግድም ላይ ለተቸገራችሁ

ሰላም ለሁላችሁ፤ የባለፈው ሳምንት የመስቀለኛ ቃላት ጨዋታችን 7 አግድም ፍንጭ፣ «ጠላው ተገልብጦ ልጣጩን አነሳ (2)»፣ ብዙ ሰው አሳስቷል። አንዳንዶቻችሁማ ጋን ፍለጋ ገብታችሁ ነበር! ነገሩ እንደ ሰምና ወርቅ ነው። የመጠጡ ወሬ ሰም ነው፤ የመልሱ ፍቺ ብዙውን ጊዜ ከፍንጩ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ እዚህ «ልጣጩን አነሳ» የሚለው ነው። «ተገልብጦ» ሲል ፊደሎቹን ከኋላ አንብቡ ማለቱ ነው፦ ጠላ፣ ላጠ። ቅንፉ የፊደሉን ብዛት ይናገራል።

የዛሬው 3 ቁልቁል፦ «ሰማና ወደ ኋላ ተመልሶ ቆፈረ (2)»። መልሱን እዚህ አትጻፉብን፤ ቅዳሜ ጠዋት ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ስንገናኝ እናየዋለን። እርሳስና ላጲስ ያዙ፤ በእስክሪብቶ የሚሞላ ቡና ይጋብዛል። በ«ሀ» እና በ«ሐ» ክርክር የለም፣ ሁለቱም ያስኬዳሉ።