አንድ ትሪ፣ ሁለት ግፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት ያለበት ሰው እንጀራና ዳቦ ይቀንስ ብላችሁ የጻፋችሁትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሁለታችንም ግፊት አለብን። እሱ 61 ዓመቱ ነው፣ እኔ 56። ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፤ መድኃኒታችን እንኳ የሚቀመጠው አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው። ጽሑፉ መጥፎ አልነበረም። ግን ከላይ እስከ ታች «ታማሚው፣ ታማሚው» ሲል ታማሚው ወንድ ይሁን ሴት አንዴም አላነሳም። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው።

የቤታችንን ልንገራችሁ። ዓምና ከፋሲካ በኋላ ስኳር አቆምን። እሱ ሻዩ ላይ አራት ማንኪያ ይጨምር ነበር፤ ሲያማስለው ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ለስላሳም ከቤት ወጣ። ጠዋት ጠዋት ቡና ሳንቀምስ አምስት ደቂቃ አረፍ ብለን፣ ክንዳችንን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈን በየተራ እንለካለን። ቁጥሩን በልጃችን አሮጌ ደብተር ላይ እንጽፋለን። በሁለት ወር ውስጥ የእሱ ከ150ዎቹ ወደ 130ዎቹ ወረደ። የእኔ ንቅንቅ አላለም። «ተደብቀሽ ስኳር ትልሻለሽ እንዴ?» አለኝ እየሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የአንድ ቤት ደብተር ጥናት አይባልም። ባለቤቴ በዚያው ሰሞን ጠላም ቀንሶ ነበር። 30 ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ይህ አይጠፋኝም። ቢሆንም ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ።

ስኳርና ነጭ ዱቄት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ቶሎ ከፍ ያደርጋሉ። ስኳሩን ከደም የሚያነሳው ሆርሞን፣ ኢንሱሊን፣ ይከተላል። ኢንሱሊን ደግሞ ኩላሊት ጨውን በሽንት እንዳያስወጣ ይይዘዋል። ጨው ሲቀር ውሃም አብሮ ይቀራል፣ ግፊት ይጨምራል። ይህ ለወንዱም ለሴቷም ነው። ሴት ላይ ግን ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን አለ። የደም ሥር ዘና እንዲል ያግዛል፤ ወጣት ሴቶች ከእኩዮቻቸው ወንዶች ዝቅ ያለ ግፊት የሚኖራቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስታርጥ ይህ ከለላ ይሳሳል፤ የበላችው ጨው ከበፊቱ ይልቅ ግፊቷን ያነሳዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የካናዳ ተመራማሪዎች ሥራ ደግሞ አለ። ፍሩክቶስ የተባለውን ስኳር የተመገቡ ወንድ አይጦች ግፊታቸው ሲጨምር ሴቶቹ ምንም አልሆኑም። አይጥ ሰው አይደለም፣ እሺ። ግን ጥያቄውን ለመጠየቅ ይበቃል።

«እንጀራ ቀንሱ» የሚለውም እንዲሁ በጅምላ አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ የሆነው ዳሽ የተባለው የአሜሪካ ጥናት አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ያልተፈተገ እህልና ስቡ የቀነሰ ወተት ያበላ ነበር። ምግቡ ከሚሰጠው ጉልበት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከካርቦሃይድሬት፣ ማለትም እንደ እንጀራና ዳቦ ካለው፣ ነው! ግፊት ያለባቸው ሰዎች ግን የተለመደውን ምግብ ከበሉት ይልቅ የላይኛው ቁጥራቸው በ11 ገደማ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ኦምኒሃርት የተባለው ሌላ ጥናት 164 ሰዎችን ይዞ ነበር፤ ከካርቦሃይድሬቱ ከፊሉ በፕሮቲን ወይም በጤናማ ቅባት ሲተካ ግፊት ይበልጥ ወርዷል። ከፕሮቲኑ ግማሽ ያህሉ ከዕፅዋት የሚገኝ ነበር። በእኛ ትሪ ሲተረጎም እንጀራው አነስ፣ ምስሩና ሽሮው በዛ ማለት ነው፤ ጨው በዛ ማለት ግን አይደለም።

እና እባካችሁ፣ ቀጥሎ ሐኪም ስታነጋግሩ ምክሩ ለማን እንደሆነ ጠይቁልን። ላረጠች ነው? ለነፍሰ ጡር ነው? ነፍሰ ጡር ጋዜጣ አንብባ ምግብ መቀነስ የለባትም።

እኔ ደብተሬን ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አዲስ ልጅ ነው፣ ትዕግሥተኛ። ገጾቹን አገላበጠና «የወር አበባዎ የቆመው መቼ ነው?» አለኝ። ስምንት ዓመት ስመላለስ ይህን የጠየቀኝ እሱ የመጀመሪያው ነው።

ጡረተኛ መምህርት፣ ከአዲስ አበባ