ግልጽ ደብዳቤ፦ «ኦዚማንዲያስ» በሰምና ወርቅ ይፈታ

ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ክፍል

ለሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ግጥም ስትመርጡ የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የፐርሲ ሼሊን «ኦዚማንዲያስ» እንድታስገቡ እንጠይቃለን። 14 ስንኝ ነው፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። የመምህሩ መምሪያ ግን «ሥልጣን አላፊ ነው» ብሎ የሚዘጋው ከሆነ ባይገባ ይሻላል።

መጀመሪያ ተናጋሪዎቹ ይለዩ። ገጣሚው መንገደኛ አገኘሁ ይላል፤ መንገደኛው በበረሃ ስላየው የንጉሥ ኦዚማንዲያስ ስብርባሪ ሐውልት ያወራል፤ ያየው ቀራጺው በድንጋይ ያስቀረውን ፊት ነው፤ ንጉሡ ያለው ደግሞ ከሐውልቱ ሥር በተጻፈው ብቻ ነው። ያ ሁሉ ትእዛዝ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በሰው አፍ ነው። ተማሪው ይህን ካላየ የንጉሡን ውድቀት በድንጋዩ መሰበር ላይ ብቻ ይፈልገዋል።

ቅኔው ያለው ጽሑፉ ላይ ነው። «ንጉሠ ነገሥት» የሚለው ማዕረግ ለእኛ ተማሪ ማብራሪያ አይሻም። ንጉሡ ኃያላኑን «ሥራዬን አይታችሁ ተስፋ ቁረጡ» ይላቸዋል። ሰሙ፦ አትደርሱብኝም። ወርቁ፦ የእናንተም መጨረሻ ይኸው ነው። ከቃሉ አንድም አልተለወጠም፤ ዙሪያው ነው አሸዋ የሆነው። ስለዚህ መምህሩ አሸዋውን የሚያሳዩትን የመጨረሻዎቹን ሦስት ስንኞች ሸፍኖ ሰሙን ያስፈታ፣ ከዚያ ይግለጣቸው። ወርቁን ቀድሞ ከነገራቸው የሚፈታ ነገር አይተርፍም።

የቀራጺው እጅ «ሞክድ» (mocked) የተባለበት ግስም ያደናቅፋል፤ አስመስሎ መሥራትንም ማላገጥንም ይይዛል። መዝገበ ቃላት ላይ የመጀመሪያውን ፍቺ ብቻ ያየ ተማሪ ግማሹን ያጣል።

ታሪኩ ላይም ጥንቃቄ ይደረግ። ኦዚማንዲያስ የግብፁ ፈርዖን የዳግማዊ ራምሴስ የዙፋን ስም በግሪክ አፍ ነው። ሼሊ የራምሴስን ሐውልት ለንደን ሙዚየም አይቶ ጻፈ የሚባለው ስሕተት ነው። ግጥሙ ጃንዋሪ 11 ቀን 1818 እ.ኤ.አ. «ኤግዛሚነር» በተባለው የለንደን ጋዜጣ ላይ ሲወጣ፣ ጣሊያናዊው አሳሽ ቤልዞኒ ከግብፅ ሉክሶር ያስነሣው ከ7 ቶን በላይ የሚመዝን የሐውልቱ ራስና ደረት ገና ለንደን አልደረሰም። ፊቱም ቢሆን ፈገግ ያለ ነው፤ የግጥሙ ንቀት የለበትም።

የሐውልቱ ጽሑፍ ምንጭ ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ ነው። እዚያ ንጉሡ «ታላቅነቴን ማወቅ የሚሻ ከሥራዬ አንዱን ይብለጥ» በሚል ስሜት ይፎክራል እንጂ ተስፋ ቁረጡ አይልም። ያ የሼሊ ጭማሪ ነው። ፈተናው ላይም «የግጥሙ መልእክት ምንድን ነው?» ከሚባል «ሼሊ ይህን ቃል ለምን ጨመረ?» ይባል።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህራን