ለመሆኑ ፍጥነቱን ማን ለካው?

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የአሜሪካ ተዋጊ ጄቶች ስለቀረጿቸው ማንነታቸው ያልታወቀ በራሪ ነገሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት፣ «ፔንታጎን አመነ» ብላችኋል። ምኑን ነው ያመነው? እ.ኤ.አ. በ2020 ሦስቱን ቪዲዮዎች ሲለቅ የተናገረው፣ ቀረጻዎቹ የባሕር ኃይሉ መሆናቸውንና የታየው ነገር ምንነት አለመታወቁን ነው። ከሌላ ዓለም መጣ የሚል ቃል አልወጣውም።

በተለይ የቆጨኝ ከሦስቱ ቪዲዮዎች በአንዱ ባሕሩን ታክኮ ሲከንፍ የሚታየው ነገር ጉዳይ ነው። «ለማመን የሚከብድ ፍጥነት» ተባለ። ከማርቆስ ወደ ደጀን በአውቶቡስ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሜዳው መሐል ያለች አንዲት ዛፍ ላይ ዓይናችሁን ትከሉ። ከኋላዋ ያለው የጮቄ ተራራ ወደፊት ይንሸራተታል፤ ዛፏ ወደ ኋላ የምትሮጥ ትመስላለች። የሚሮጠው ግን አውቶቡሱ ነው። ቪዲዮውን የቀረጸው ጄትም እንደ አውቶቡሱ ነው፤ ባሕሩ እንደ ጮቄ። ናሳ ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ቪዲዮው ላይ የሚታዩትን ቁጥሮች ይዞ አሰላው። ከፍታው 13,000 ጫማ ገደማ ሆነ፤ ከጮቄ ጫፍ ትንሽ ዝቅ ይላል። ባሕሩን የታከከ ነገር አልነበረም። ፍጥነቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ። ይህን ነፋስም ያደርሰዋል።

ፓይለቶቹ ዋሹ እያልኩ አይደለም። የባሕር ኃይሉ ፓይለት ዴቪድ ፍሬቨር እ.ኤ.አ. በ2004 ከሳንዲያጎ ባሕር ዳርቻ ራቅ ብሎ ክንፍ የሌለው ነጭ ነገር አየ። በሁለት ጄቶች የነበሩ አራት ሰዎች አይተውታል፤ ምን እንደነበረ እስካሁን አልታወቀም። እንዲህ ያለውን ሰው ማላገጫ ማድረግ ነውር ነው። መሳቂያ እንዳይሆን ፈርቶ ዝም የሚል ፓይለት ስንት መረጃ ይዞ ይቀራል! እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የደኅንነት መሥሪያ ቤት ከመረመራቸው 144 ሪፖርቶች በእርግጠኝነት የታወቀው አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱም እየተነፈሰ የነበረ ትልቅ ፊኛ። ሌሎቹ ላይ ለመፍረድ አብዛኛውን ጊዜ የቸገረው የመረጃ ማነስ ነው። እናንተ ግን ቁጥሩን ጽፋችሁ ምክንያቱን ተዋችሁት።

ተማሪዎቼ ጽሑፋችሁን በስልካቸው እየተቀባበሉት ነው። እባካችሁ ስሌቱንም አውጡላቸው። ሁለተኛ ደረጃ የተማሩት ትሪጎኖሜትሪ ይበቃቸዋል፤ ሰሌዳ ላይ አብረን እንሠራዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የፊዚክስ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ