የ45 ቀኑ ክትባት ሲሰጥ እናቲቱም ትጠየቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በሰሜን ሸዋ አራስ የምትከበረውን ያህል የሚከበር ሰው ጥቂት ነው። ከመንዝ ደጋ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ልጅ ተወለደ ሲባል ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ የገብስ ገንፎ ይገነፋል፣ አጥሚት ይሞቃል፣ አቅም ያለው በግ ያርዳል፤ የመጀመሪያ ልጇ ከሆነም እናቷ ቤቷን ዘግታ ልታርሳት ትመጣለች። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ውኃ አትቀዳም፣ እንጨት አትለቅምም፣ በውርጭ ደጅ አትወጣም። እኔ በመንዝ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ይህ ልማድ ብዙ እናቶችን እንደ ጠበቀ በሥራዬ አይቻለሁ። ደብዳቤውን የምጽፈውም ልማዱን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ አራስ ጠያቂውም ሆነ እኛ የጤና ባለሙያዎች ሳንጠይቅ የምናልፈውን አንድ ነገር፣ ማለትም የእናቲቱን የመንፈስና የስሜት ሁኔታ፣ ለማንሣት ነው።

አራስ ጠያቂ የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ወተቱ መጣ ወይ፣ ደሙ ቀለለ ወይ፣ ልጁ ሌሊት ይተኛል ወይ ይባላል። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚላት ቢኖር እንኳ የሚጠበቅባት መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ነው። ቤቱ በደስታ በተሞላበት ሰሞን «ሆድ ብሶኛል» ብትል ልጅ የሰጣትን አምላክ እንዳማረረች፣ ደፋ ቀና የሚልላትን ቤተሰብም እንዳሳጣች ይቆጠርብኛል ብላ ስለምትፈራ ዝምታን ትመርጣለች። በጤና ተቋምም ቢሆን ነገሩ ብዙ አይለይም፤ የደም ግፊቷ ይለካል፣ ማሕፀኗ ወደ ቦታው መመለሱ ይታያል፣ ስለ ቤተሰብ ዕቅድ ምክር ይሰጣታል፣ ከዚያም ትሰናበታለች።

ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የስሜት መለዋወጥ ሁሉ ሕመም አለመሆኑን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ገደማ የሚጀምርና ያለ ምክንያት ሆድ የሚያባባ፣ እንባ እንባ የሚያሰኝ ስሜት አብዛኞቹን እናቶች ይነካል፤ ዕረፍትና ምግብ ካገኘች፣ አጠገቧም ሰው ካለ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይለቃታል። ሁለት ሳምንት አልፎም ካልለቀቃት፣ ልጁ ተኝቶላት እንኳ እርሷ እንቅልፍ ካጣች፣ እህል ካስጠላት፣ ልጇን ማቀፍ ከከበዳት፣ «ለዚህ ልጅ እኔ አልረባም» ማለት ካበዛች ግን የድኅረ ወሊድ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሕክምና ያስፈልጋታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በቅርቡ ከወለዱ ሴቶች መካከል 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድባቴ፣ ያጋጥማቸዋል፤ በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ደግሞ ቁጥሩ ወደ 19.8 በመቶ ከፍ ይላል። ይህ ከአምስት ወላዶች አንዷ ማለት ነውና፣ አንባቢ በአንድ ዓመት ውስጥ በመንደሩ ስንት አራስ እንደ ጠየቀ ቢያስብ የነገሩን ስፋት ይረዳዋል።

ከእነዚህ ከሁለቱ የተለየ፣ አጣዳፊ ሁኔታም አለ። ከ1,000 ወላዶች በአንዷ ወይም በሁለቱ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ፣ በድንገት ይመጣል፤ እናቲቱ ለቀናት አትተኛም፣ የሌለ ድምፅ ትሰማለች፣ የቅርብ ዘመዶቿን «ሊጎዱኝ ነው» ብላ ትጠረጥራለች፣ ንግግሯ ይዘባረቃል። በዚህ ጊዜ «አድሮ ይታያል» ማለት አይገባም፤ እናትና ልጅ ለብቻቸው ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባቸው።

ድባቴ የያዛት እናት ወደ እኛ ስትመጣ ስለ ልቧ አትነግረንም። ራሴን ያቃጥለኛል፣ ደረቴን ያፍነኛል፣ ጉልበቴ ከዳኝ ትላለች። ወተቴ ደረቀ ብላ የምትመጣም አለች። በምጥ ጊዜ ብዙ ደም ለፈሰሳት ሴት የደም ማነስ ምርመራ ማድረግ ግዴታ ነው፤ ድካሙም ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ምርመራው ደኅና ሲሆን ማስታገሻ ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም። ባሏ ይመታት እንደ ሆነ፣ ከዚህ በፊት ልጅ ሞቶባት እንደ ሆነ፣ እርግዝናው ሳትፈልገው የመጣ እንደ ሆነ፣ ቤት ውስጥ የሚበላ ይኑር አይኑር፣ ወንድ ሲጠበቅ ሴት በመውለዷ ፊት ተነሥቷት እንደ ሆነ ካልተጠየቀች ራሷ አውጥታ አትናገርም።

ጉዳቱ በእናቲቱ ላይ ብቻ አይቀርም። በቡታጅራ አካባቢ ሴቶችን ከእርግዝና ጀምሮ የተከታተሉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በእርግዝና ጊዜ በጭንቀትና በድባቴ የተያዙ ሴቶች ምጣቸው የመርዘም፣ ጡት ማጥባት የሚጀምሩበት ጊዜም የመዘግየት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ችግሩ ከወሊድ በኋላም በቀጠለባቸው እናቶች ልጆች ላይ ደግሞ ተቅማጥ በዝቶ ተገኝቷል። ስለዚህ የሕፃናትን ክብደትና ተቅማጥ በየወሩ የሚመዘግብ የጤና ሥርዓት የእናቶችን ልብ እንደ ትርፍ ጉዳይ ሊቆጥረው አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የአራስነት ወግ የሚያበቃበት ቀን የታወቀ ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ በቆላው ያሉ ሙስሊም ወገኖቻችንም አራሷን እስከ 40 ቀን ድረስ ይጠብቃሉ። ክርስትናው ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ እንግዳው ይበተናል፣ ልታርሳት የመጣች እናቷ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ እንስራውም ማገዶውም ዳግመኛ በሴትየዋ ጀርባ ላይ ይወድቃል። ድባቴ ግን ከወሊድ በኋላ ባለው ዓመት ውስጥ በማናቸውም ጊዜ ሊጀምር ይችላል፤ በእኔ ግምት ብዙዎቹ የሚወድቁት ሰው ሁሉ «ከአራስ ቤት በሰላም ወጣች» ብሎ ልቡን በጣለበት በዚህ ወቅት ነው።

ደግነቱ በዚያው ሰሞን ልጇን ይዛ ወደ ጤና ኬላ የምትመጣበት ቀን አለ። አምስት በሽታዎችን በአንድ ላይ የሚከላከለው የፔንታ የመጀመሪያው ክትባት በ45ኛው ቀን ይሰጣል፤ ቀጥሎ በሁለት ወር ተኩል ገደማ፣ ከዚያም በሦስት ወር ተኩል ገደማ፣ በዘጠኝ ወሩም የኩፍኝ ክትባት አለ። እናት ለራሷ ሕመም ላትመጣ ትችላለች፤ ለልጇ ክትባት ግን ወንዝ ተሻግራ፣ ገደል ወጥታ ትመጣለች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እናት ከወለደች በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት፣ ከዚያም ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜና በስድስተኛው ሳምንት እንድትታይ ይመክራል። ስድስተኛው ሳምንት ከ45 ቀኑ ክትባት ጋር ይገጥማል። አዲስ ቀጠሮ፣ አዲስ ቤት፣ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ ሕፃኑ ሲመዘን እናቲቱን ሁለት ነገር መጠየቅ ይበቃል። ባለፈው አንድ ወር ሆድ ብሶሽ፣ ተስፋ ቆርጠሽ ታውቂያለሽ? ቀድሞ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር አሁን አላስደስት ብሎሻል? ከሁለቱ ለአንዱ «አዎ» ካለች በጤና ጣቢያ ደረጃ በሰፊው ትጠየቅ። ለዚህም የኤድንብራ መለኪያ የሚባል፣ በ1987 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀ፣ ስላለፉት ሰባት ቀናት የሚጠይቅ የ10 ጥያቄዎች ቅጽ አለ፤ በአዲስ አበባም በእናቶች ላይ ተፈትሿል። የመጨረሻው ጥያቄ ራሷን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶባት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ይህን ብንጠይቃት ያላሰበችውን እናስታውሳታለን» ብለው ይሠጋሉ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፣ ሐሳቡ ያላትን ሴት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንድትናገር መንገድ ይከፍትላታል።

አጠያየቁም ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አማቷ አጠገቧ ቆመው፣ ሌሎች እናቶች በሰልፍ እየሰሙ፣ ባሏ በር ላይ እየጠበቀ ማንም ሴት እውነቱን አትናገርም። ሕፃኑን ለመመዘን ወደ ውስጥ ስትገባ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መጠየቅ ይገባል፤ የነገረችውም ነገር በመንደሩ እንደማይወራ በግልጽ ሊነገራት ይገባል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥራ እንደ በዛባቸው አውቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሆነው አምስት ሺህ ያህል ሕዝብ ያለበትን ቀበሌ ይይዛሉ፤ መጸዳጃ ቤቱም፣ ወባውም፣ ቤተሰብ ዕቅዱም፣ ሪፖርቱም በእነርሱ ላይ ነው። ሆኖም በፓኪስታን ራዋልፒንዲ ገጠር የተደረገውንና በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመውን ጥናት ያየ ሰው ተስፋ አይቆርጥም። በዚያ ከእኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር የሚመሳሰሉ የመንደር ጤና ሠራተኞች አጭር ሥልጠና ወስደው፣ ድባቴ ያለባቸውን እናቶች ከእርግዝናቸው መጨረሻ ጀምሮ በየቤታቸው እየሄዱ ሲያነጋግሩና ቤተሰቡን ሲያስተባብሩ፣ በስድስተኛው ወር ድባቴው ያልለቀቃቸው 23 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተለመደው ክትትል ከቀጠሉት ውስጥ ግን 53 በመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ አሠራር በመመሪያ መልክ አሳትሞታል። ሐኪም በሌለበት ገጠር የተሠራ ሥራ ስለሆነ ለመንዝም ለመርሐቤቴም ይሆናል።

ስለ አባቶችም ልናገር። ከአሥር አዳዲስ አባቶች አንዱ ገደማ ራሱ በድባቴ ይያዛል፤ በእኛ ዘንድ ግን አባት ልጅ ወልዶ ቢተክዝ የሚጠይቀው የለም፣ መጠጥ ሲያበዛ ወይም ቤት መግባት ሲያስጠላው ብቻ ይወቀሳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ዕረፍት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሲፈቅድ፣ ለአባት የሚሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀናት ነው። ሦስት ቀን ገንፎውን ለመብላት ካልሆነ በቀር ለሌላ አይበቃም፤ ሕግ አውጪዎች ሊያሻሽሉት ይገባል። ደመወዝ የሌለው ገበሬ ደግሞ አዋጅ አያገኘውም። ለእርሱ የምለው፣ ሌሊት ልጁን ተቀብሎ እናቲቱን አራት ሰዓት ያህል እንቅልፏ ሳይቋረጥ ማስተኛት ቀላል የማይባል እርዳታ መሆኑን ነው።

በደብረ ብርሃን ያሉት እናቶች ይበልጥ ያሳስቡኛል። በኢንዱስትሪ ፓርኩና በፋብሪካዎች ለመሥራት ከየወረዳው የመጡ ወጣት ሴቶች አንድ ክፍል ተከራይተው ይወልዳሉ፤ የምታርሳቸው እናት ሩቅ ናት፣ ጎረቤቱም እንደ እነርሱ ፈረቃ የሚገባ ነው። በመጠለያ ጣቢያዎች ያሉ ተፈናቃዮች ደግሞ ቤታቸውንና ዘመዳቸውን አጥተው በድንኳንና በአዳራሽ ውስጥ ታርሰዋል። ዕድሮቻችን ለኀዘን ድንኳን ተክለው ለቀስተኛ እንደሚያስተናግዱ ሁሉ፣ በየተራ አንዲት ሴት መድበው ዘመድ የሌላትን አራስ ቢያስጠይቁ ከአቅማቸው በላይ አይሆንም።

አንድ ነገር በተለይ ለካህናት አባቶች። እናቲቱ ስትለወጥ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያማክረው የነፍስ አባትን ነው፤ ወደ ጠበልም ይወስዷታል። ይህን ማንም ሊከለክል አይገባም፤ እኔም ራሴ በጠበል የማምን ነኝ። የምለምነው ጠበሉን እየተጠመቀች ወደ ጤና ጣቢያም እንድትመጣ፣ ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት እንዳታቋርጥ፣ እያጠባችም የሚወሰድ መድኃኒት መኖሩን አባቶች እንዲነግሯት ነው። ከነፍስ አባቷ የሰማችውን ከእኔ ከሰማችው ይልቅ ትቀበለዋለች።

ለዞኑ ጤና መምሪያ የማቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ በክትባት ካርዱ ላይ ከሕፃኑ ክብደት አጠገብ ስለ እናቲቱ ሁለቱን ጥያቄዎች የሚይዝ አንድ መስመር ይጨመር፤ በየጤና ጣቢያው «አዎ» ያለችውን እናት የሚቀበል አንድ የሠለጠነ ባለሙያ ይመደብ፤ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ለአዋላጅ ነርስ ተማሪዎቹ አጠያየቁን በተግባር ያስተምርልን። ይህ እስኪሆን ድረስ በየኬላው ያላችሁ እኅቶቼ ካርዱ እስኪታተም ሳትጠብቁ ጥያቄዎቹን በቃል መጠየቅ ትችላላችሁ፤ «አዎ» ያለቻችሁን እናት አብሯት የሚመጣ ሰው ፈልጋችሁ በዚያው ሳምንት ወደ ጣቢያው ላኩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አዋላጅ ነርስ
ከመንዝ፣ ሰሜን ሸዋ